በቁመት ነው የሚወለወለው

ጋሽ ይገረም የሱቅ ጎረቤቴ ናቸው። መርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ወደ አብነት ሲወረድ፣ ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ፣ መጀመሪያ የእኔ ሱቅ ይገኛል፤ ቀጥሎ የእሳቸው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ እኔ ሳነጥስ እሳቸው «ይማርሽ» ይሉኛል። ስሜ ኤልሳቤት ነው፤ ብሎንና ዳዶ እሸጣለሁ። አፌ እንደማያርፍ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም አልክድም። ቢሆንም አንድ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ከርሜአለሁ። ይህን የማወራው የጋሽ ይገረምን ነገር ለመናገር ነው፤ በዚያውም ለእኔ አፍ ትንሽ ክብር ቢገኝለት አልጠላም።

ጋሽ ይገረም የሞተር ሳይክል ብረት ያድሳሉ። ሞተሩን አይነኩም፤ እሱ የሌላ ሰው እንጀራ ነው። የእሳቸው ድርሻ የሚያብረቀርቀው ነው፤ መሪው፣ ጭስ የሚወጣበት ማርሚታ፣ የጎማው ቸርኬ፣ ጭቃ እንዳይረጭ ከጎማው በላይ የሚደፋው ፓራፋንጎ። ክረምት የበላውና ዝገት እንደ ኩፍኝ ያወጣበት ብረት ይመጣላቸዋል። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ ያጥቡታል። ከዚያ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ዝገቱን ያሻሉ። በዕድሜያቸው አንድ ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ የሰፈሩ አጫሽ ሁሉ ግን ወረቀቱን ለእሳቸው ያጠራቅማል። ሽቦ የብረቱን የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ ክሮሙን፣ ይጭረዋል፤ ይሄ ወረቀት ዝገቱን ብቻ ለቅሞ ይበላል። ቀጥሎ በጨርቅ የተነፋ አመድ አለ፤ ቀጥሎ ሰም የተቀባ የጨርቅ ጎማ የሚያሽከረክር ሞተር አለ፤ መጨረሻ ላይ በእጥበት ብዛት የሳሳ የካናቴራ ቁራጭ።

ያች የካናቴራ ቁራጭ ሕግ አላት። «ብረት እንደ ፀጉር ነው፣ አቅጣጫ አለው» ይላሉ ጋሽ ይገረም። በቁመቱ ከወለወሉት ብርሃን ከጫፍ ጫፍ ይፈስበታል። ክብ ክብ እያደረጉ ካሹት ግን ጥላ ውስጥ ያማረ መስሎ ፀሐይ ስታገኘው የሸረሪት ድር ያወጣል። ይህን ሕግ በሰው ሁሉ ላይ ይጭኑታል። እኔ የሱቄን መስታወት ስወለውል እንኳ ከቆርቆሮው ማዶ «በቁመት! በቁመት ነው የሚወለወለው!» ይሉኛል። እንዴት አወቁ ብትሉ ጨርቁ ሲንጫጫ ሰምተው ነው። መስታወት ብረት አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬአለሁ፤ የሚሰማ የለም።

ባለቤታቸው እትዬ ሠርኬ በርበሬ በረንዳ በርበሬ ይሸጣሉ። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ቋጥረው ይመጣሉ። ሱቁ ከመግባታቸው በፊት ደጃፉ ላይ ካለው ጀሪካን እየቀዱ እጃቸውን በሎሚ ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። አንድ ጊዜ የበርበሬ እጃቸው የነካውን ማርሚታ ጋሽ ይገረም ነክተው፣ በዚያው እጃቸው ዓይናቸውን አሽተው፣ የዚያን ቀን የተሰማው ጩኸት እስከ ጭድ ተራ ደርሷል ይባላል። ይባላል ያልኩት እኔ ራሴ ስላወራሁት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ጋሽ ይገረም ዓይናቸውን ጨፍነው መሥራት ጀመሩ። ብረቱን ጭናቸው ላይ አጋድመው በትንሿ ጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ይዳብሱታል። «እዚህ ጋ አንዲት አለች» ይላሉ። ሲፈለግ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ዝገት እዚያው ትገኛለች። ደንበኛው ይደነቃል፤ አንዳንዱማ በስልኩ ይቀርጻቸዋል። የእጅ ጥበብ እዚህ ደረሰ ተባለ።

እኔ ግን ጎረቤት ነኝ። ጎረቤት አይሸወድም። ደንበኛው በግራ በኩል ወጥቶ እሳቸው ወደ ቀኝ ዞረው «ደህና ዋል» ሲሉ አይቻለሁ። የሻይ ብርጭቆ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ጠረጴዛውን ዳብሰው እንደሚያገኙት አይቻለሁ። ጨፍነው የሚሠሩት ቢገልጡትም ለውጥ ስለሌለው ነበር። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ ብላቸው፣ አገር ቤት ያሉት አጎታቸው ለዓይን ሕክምና ሄደው ጭራሽ ጨልሞባቸው እንደተመለሱ ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን ካነሳሁባቸው የምሰበስብላቸውን ብርማ ወረቀት ከእንግዲህ እንደማይቀበሉኝ ዛቱብኝ። ፈርተው ነበር። እኔም ለእሳቸው ፈራሁ። የማያይ ሰው ክሮም ይወለውላል ተብሎ መርካቶ ውስጥ ከተወራ ማን ብረቱን ያመጣላቸዋል? ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። እሳቸው ከዚያች ዱካ ላይ ቢነሱ የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ የላቸውም።

ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር ግን ይሄ አይደለም። ጋሽ ይገረም ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው ለሩብ ሰዓት ያሸልባሉ። ያኔ እትዬ ሠርኬ ይነሳሉ። ያለቀውንና ሽቦ ላይ የተሰቀለውን ብረት አንድ በአንድ አውርደው ወደ በሩ ብርሃን ያወጡታል። ጉም መስሎ የቀረውን ቦታ ይፈልጉና ያችን የካናቴራ ቁራጭ ይዘው ይወለውሉታል። የሚወለውሉት ግን ትሪ እንደሚወለውል ሰው፣ ክብ ክብ እያደረጉ ነው። መልሰው ሲሰቅሉት ኮሽ እንዳይል የነጠላቸውን ጫፍ ከሥሩ ያደርጉለታል። ደንበኛ እንከን አግኝቶ እንዳይመልሰው፣ ባላቸውም ይህን እንዳያውቁ፣ ይኸው ነበር የየቀኑ ሥራቸው።

አንድ ቀን በዚህ መሀል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አልለመኑኝም፣ አላስጠነቀቁኝም። እጃቸው ሳያቋርጥ አዩኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩና ወደ ብሎኔ ተመለስኩ።

ደግሞም አንዳንዴ ምሳ ሲያቀርቡ እንደ ዋዛ «ይሄኛው ብረት በቅቶታል፣ አትጨምርበት» ይላሉ። ጋሽ ይገረም «በርበሬሽን ሽጪ» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ነገር ግን ብረቱን ያስቀምጡታል። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር አንዱ ለአንዱ ሳይናገር ሁለት ዓመት ኖሩ። ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳል ማለት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሙስአብ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ አንድ ፓራፋንጎ ይዞ መጣ። የሟች አባቱ ሞተር ሳይክል ነበር፤ አባትየው ጣቃ ጨርቅ ከኋላ ጭነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዞረውበታል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ዝጓል። ሙስአብ ሌላውን ክፍል በሙሉ አሳድሶ የቀረው ይሄ ብቻ ነበር። እናቱ ባላቸው ሲነዱት እንደነበረው ሆኖ እንዲያዩት ፈልጎ ነው። አልቸኩልም ብሎ አስቀምጦ ሄደ።

መስቀል ደረሰ። የጉራጌ ሰው ለመስቀል አገሩ ካልገባ ዓመቱ አይቆጠርለትም፤ ሴቶቹ ደግሞ ቤቱን ለማሰናዳት ቀድመው ይሄዳሉ። እትዬ ሠርኬ ሻንጣቸውን ይዘው በሱቁ በኩል አለፉና ለባላቸው «የሙስአብን ፓራፋንጎ እኔ ስመለስ ትጨርሰዋለህ» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አደራሽን፣ ከእጁ ከመውጣቱ በፊት አንቺ እይልኝ» አሉኝ። አደራውን ተቀበልኩ።

ጋሽ ይገረም ግን ነገሩ ነደዳቸው። የሥራቸውን ቀን የሚወስንላቸው በርበሬ ሻጭ ሆነ? በማግስቱ ፓራፋንጎውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የጨርቅ ጎማውን ሞተር አስነሱ። ቀኑን ሙሉ ሲያሹት፣ ሲዳብሱት፣ መልሰው ሲያሹት ዋሉ። እኔ ደግሞ የበዓል ገበያ ደርቶብኝ ቀና ብዬ አላየሁም። በኋላ ሳይ ፓራፋንጎው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሙስአብ እጅ ገብቶ ነበር። አደራ በላሁ፤ አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

በሦስተኛው ቀን ሙስአብ ተመለሰ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጋዜጣውን ቀስ ብሎ ፈታና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ቢጫ ነገር ምንድን ነው?» አለ።

ክሮም ስስ ነው። ከሥሩ ኒኬል አለ፤ ኒኬል ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላል። ክሮሙን ከልክ በላይ ያሸው ሰው ያልቅበትና ኒኬሉ ብቅ ይላል። ዓይን ያለው ሰው ቀለሙ መለወጥ ሲጀምር ያቆማል። በጣት ግን ኒኬሉም ክሮሙም እኩል ልስልስ ናቸው። ከፓራፋንጎው አናት ላይ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ጋሽ ይገረም ተቀበሉት። ትንሿን ጣታቸውን ከጫፍ ጫፍ አስኬዱ። ምንም የሚያደናቅፍ የለም። አሁንም አስኬዱ።

«የት ላይ?» አሉ።

ቢጫው አፍንጫቸው ሥር ነበር። ሙስአብ መጀመሪያ እሳቸውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔም «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ምንም ቢጫ አይታየኝም» ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ከመሐላ ሁሉ መርጬ ያንን ማለቴ። ምላሴን ነክሼ ቀረሁ። ሙስአብ ልጁ ጨዋ ነው፤ «ምንም አይደል ጋሼ፣ ጊዜ ሲኖርዎት ይሠሩታል» ብሎ ፓራፋንጎውን ጭናቸው ላይ እንዳለ ትቶ ሄደ።

ጋሽ ይገረም ብዙ ሳይቆዩ ተነሱ። የሞተሩን ሶኬት ነቀሉ፤ ሽቦውን ጠቀለሉት። ያን ሽቦ ከግድግዳው ሲነቀል አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ «ኤልሳቤት፣ ለሠርኬ እንዳትነግሪያት» አሉኝና በሩን ዘጉ። በሥራ ቀን ሱቃቸው ተዘግቶ ሲውል በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። አገር ቤትም አልሄዱም።

እትዬ ሠርኬ ከመስቀል ሲመለሱ ባላቸውን የተዘጋ ሱቅ ውስጥ፣ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። መስማት አልፈለግኩም ብል ውሸት ነው፤ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ ነበር።

«ሠርኬ፣ ዓይኔ አያይም።»

«አውቃለሁ።»

ዱካው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ጋሽ ይገረም።

«ካቻምና አንድ ቀን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ምሳ ይዤልህ መጣሁ። ማንም አልሞተም፤ ልፈትንህ ነበር። ማን ሞተ ብትለኝ እስቅብህ ነበር። አንተ ግን ወጡ ጨው አንሶታል ብቻ አልከኝ። ተመልሼ በርበሬዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው በርበሬው ነው ብሎ ዝም አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ሳትነግረኝ እንዴት ብዬ?»

ከዚያ የሐኪም ነገር ተነሳ። ጋሽ ይገረም የአጎታቸውን ታሪክ እንደ አዲስ ከሥሩ ጀምረው አወሩ። እትዬ ሠርኬ ስንት መቶ ጊዜ የሰሙትን እስኪያልቅ ሰሙላቸው። የፓራፋንጎውን ቢጫ አይተውት ኖሯል፤ ስለ እሱ ምንም ወቀሳ አልተናገሩም። ጋሽ ይገረም በመጨረሻ ጣቴ ይበቃኛል ሲሉ ግን እትዬ ሠርኬ መለሱላቸው።

«ጣትህ ቢጫን አያውቅም፣ ይገረም። ሂድና ታየው። ባይሆን ደግሞ እስከ ዛሬ እንደኖርነው እንኖራለን፤ እስከ ዛሬ ምን ሆንን?»

ጋሽ ይገረም እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። በማግስቱ ጠዋት ግን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጡና ለእኔ የሱቁን ቁልፍ ሰጡኝ።

ሞራ ነው ተባለ። የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ መጀመሪያ ገፈፉላቸው። ፋሻው የሚፈታ ዕለት አብሬ ሄጄ ነበር፤ እትዬ ሠርኬ ብቻዬን አልችልም ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ምን ይታይዎታል ስትላቸው ጋሽ ይገረም መጀመሪያ ያዩት የመቀሱን ማስቀመጫ ትሪ ነው። «ይሄን ክብ ክብ ነው የወለወሉት» አሉ። ሳቅን፤ እኔ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ከዚያ ዞር ብለው ሚስታቸውን አዩ፣ ቆይተው አዩ። «አርጅተሻል» አሏቸው። እትዬ ሠርኬም «አንተ ሳታይ ነው» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ጋሽ ይገረም ሱቃቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያደረጉት ሙስአብን መጥራት ነው። ከሌላ ከማንም እንዲሰማ አልፈለጉም። ፊት ለፊት አስቀምጠው «አላይም ነበር፣ ደብቄህ ነው የሠራሁት፣ ይቅር በለኝ» አሉት። የሄደውን ክሮም መመለስ በእሳቸው አቅም የሚሆን አይደለም። ነገር ግን የተረፈውን ክሮም ሁሉ በአሲድ አውልቀው ፓራፋንጎውን ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት ኒኬል ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የማር ቀለም ይሆናል። ሙስአብ አሰበበትና እናቴ ከነጭ ብር ይልቅ ወርቅ ነው የምትወደው አለ።

በዚያው ሳምንት ነው ሽቦው ላይ የተሰቀሉትን ብረቶች ያዩት። ከመስቀል በፊት ተሠርተው ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ማርሚታና አንድ መሪ። ጠዋት ፀሐይ በሩ ላይ ስትደርስ አንዱን ማርሚታ አውጥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ሁለተኛውን አወጡ። መሪውንም አወጡ።

«ኤልሳቤት፣ ነይ እስኪ።»

ሄድኩ። ብረቱ ላይ ፀሐይ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ስስ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ መስመር ነበረ።

«ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አሉ።

እኔ ኤልሳቤት፣ አፌ የማያርፈው፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። መሬት መሬቱን አየሁ። ጋሽ ይገረም በጣታቸው መስመሩን ተከትለው ዞሩበት፤ ትሪ የሚወለውል ሰው እጅ እንደሚዞር አዞሩት። ከዚያ ገባቸው። ዱካቸው ላይ ተቀመጡና «ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው አመስግኖኛል መሰለሽ» አሉኝ። ብረቱን እንደ ታቀፉ አለቀሱ። ገና የዳነ ዓይን ነው፣ ተዉ ብላቸውም አልሰሙኝ።

ለእትዬ ሠርኬ ምንም አልነገሯቸውም። የሙስአብን ፓራፋንጎ ለአራት ቀን ሠሩት። በአራተኛው ቀን እንዳሉት የማር ቀለም ሆኖ ወጣ፤ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ሞቅ ያለ፣ ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት። የቀረው የመጨረሻው ውልወላ ብቻ ነበር። እሱን ሳይነኩት ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ሰባት ሰዓት ላይ እትዬ ሠርኬ ምሳ ይዘው መጡ። እንደ ልማዳቸው ከጀሪካኑ እየቀዱ በሎሚ መታጠብ ጀመሩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ታጠቡ። በሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። አሁን ዓይን አለ፤ የእሳቸው እጅ ብረት መንካት አያስፈልገውም። ይህን ሲያስቡ ፊታቸው ላይ አየሁት። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደግሞ አንድ ነገር እንደ ተወሰደበት ሰውም ሆነው ነበር። እጃቸውን በነጠላቸው አደራርቀው ገቡ።

ጋሽ ይገረም የካናቴራውን ቁራጭ ዘረጉላቸው።

«ነይ ሠርኬ፣ አንቺ ጨርሺው።»

እትዬ ሠርኬ ጨርቁን አዩ፤ ባላቸውን አዩ። እኔን ደግሞ አዩኝ፤ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፣ አልተናገርኩም ለማለት።

«በቁመት አልችልበትም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በቁመት ማን አለሽ?»

እትዬ ሠርኬ ተቀመጡ። ፓራፋንጎውን ጭናቸው ላይ አጋድመው እንደሚያውቁት ክብ ክብ እያደረጉ ወለወሉት። ጋሽ ይገረም ያን ቀን አላሸለቡም። ምሳው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ የሚስታቸውን እጅ እያዩ ተቀመጡ። ሙስአብ በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ሲወስደው የበሩ ፀሐይ ላይ ክቡ ሁሉ ይታይ ነበር። ጋሽ ይገረም ይሄ የባለቤቴ እጅ ነው ብለው ሰጡት።

እኔ ነገር ሳልፈትን አላርፍም። በማግስቱ ጨርቄን አራስኩና የሱቄን መስታወት ሆን ብዬ ክብ ክብ እያደረግሁ አንጫጫሁት። ጠበቅሁ። አሁንም አንጫጫሁት። ከቆርቆሮው ማዶ ምንም ድምፅ አልመጣም።